እህልን በሚዛን፣ ሕመምን በግምት?

በመርካቶ እህል በረንዳ ሠርቶ ያደረ ወይም ለቤቱ ቀለብ ሊሸምት ጎራ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ይኸውም ጆንያ በዓይን አይሸጥም የሚለው ነው። ሻጩ የቱንም ያህል የተከበረ ነጋዴ፣ ገዢውም የቱንም ያህል የዕድሜ ልክ ደንበኛ ቢሆን፣ እህሉ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። «ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ የኖርሁ ነኝና ይህ ጆንያ አንድ ኩንታል መሆኑን ዓይኔ ይነግረኛል» የሚል ሻጭ ቢነሣ ገዢው ይስቅበታል እንጂ መቀነቱን አይፈታለትም። ልምድ ይከበራል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ሚዛኑ ነው። ሚዛኑም ቢሆን ትክክል መሆኑ በየጊዜው ይመረመራል።

በገበያው ላይ ይህን ያህል ንቁ የሆነው ሠርቶ አደር ግን የሕክምና ደጃፍ ሲረግጥ ብዙውን ጊዜ ንቃቱን ከበር ጥሎ ይገባል። በአንድ ጤና ጣቢያ ተራችንን በመጠባበቅ ላይ ሳለን የታዘብነውን እንጥቀስ። ሁለት ወር ሙሉ ሲያስለው የቆየ አንድ ጫኝና አውራጅ ፊቱን አጥቁሮ ከምርመራ ክፍል ወጣ። «ልጁ ገና ተማሪ ነው መሰለኝ፤ መጽሐፍ እየገለጠ ነው የሚያክመው። መርፌ ውጋኝ ስለው አክታ ይስጡ አለኝ» ሲል ለተራ ጠባቂው ተናገረ። ሁሉም አዘነለት። አንዲት እናትም «ተወው ልጄ፤ እዚያ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ጠንከር ያለ እንክብል ግዛ» ስትል መከረችው። ሰውየው የአክታ ማስቀመጫውን ዕቃ አግዳሚው ወንበር ላይ ትቶ ሄደ።

ነገሩን ረጋ ብለን ብንመረምረው፣ መጽሐፉን የገለጠው ጤና መኮንን ሚዛኑን ያወጣው ወገን ነበር። ሰውየው ሚዛኑን ገፍቶ ግምትን በገንዘቡ ሊገዛ ሄደ። ለምን እንዲህ ሆነ? ስሕተቱስ የማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ የሕክምና መመሪያ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ለማን እንደሚጠቅም በግልጽ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዕውቀት ከየት ይመነጫል?

የትኛውም ሳይንሳዊ ዕውቀት ከሰማይ የወረደ ወይም ከአንድ ሊቅ ጭንቅላት ብቻ የፈለቀ አይደለም። የዕውቀት ምንጩ ተግባር ነው፤ መፈተኛውም ራሱ ተግባር ነው። አንድ ሐኪም የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን በሕይወት ዘመኑ የሚያያቸው ሕሙማን ቁጥር ውሱን ነው። ከእነዚህም መካከል የዳኑት ተመልሰው ያመሰግኑታል፤ የሞቱት ግን ተመልሰው አይወቅሱትም። ስለሆነም የግል ልምድ ብቻውን ሲቀር ወደ ራሱ የሚያደላ ምስክር ነው።

በማስረጃ ላይ የተመሠረተ የሕክምና መመሪያ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተገኘ የጋራ ሥራ ውጤት ነው። ይኸውም በልዩ ልዩ አገሮች፣ በብዙ ሺህ ሕሙማን ላይ፣ አንዱ ሕክምና ከሌላው ጋር ጎን ለጎን ተወዳድሮ የተገኘውን ውጤት ሰብስቦና አጣርቶ በሥራ ላይ በሚውል መልክ ያስቀመጠ ሰነድ ነው። የውሳኔ አጋዥ መሣሪያ የሚባለውም ይህንኑ ዕውቀት ሕመምተኛው ፊት ለፊት በተቀመጠበት ሰዓት ከባለሙያው እጅ የሚያደርስ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ባለቀለም ሰንጠረዥ ሊሆን ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ጮክ ተብሎ የሚነበብ ዝርዝር ሊሆን ይችላል፤ በኮምፒዩተር ወይም በታብሌት ላይ የሚሠራ ፕሮግራምም ሊሆን ይችላል። ቅርጹ ይለያይ እንጂ ተግባሩ አንድ ነው፤ ባለሙያው ድካም፣ ጥድፊያ ወይም መርሳት ቢያጠቃው እንኳ ሕመምተኛው እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው።

ለዚህ ከአክታ ምርመራው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 በብሪታንያ በታተመ ጥናት 55 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን አዲስ መድኃኒት ከአልጋ ዕረፍት ጋር ሲያገኙ፣ 52ቱ በጊዜው የተለመደውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ የተወሰነው በዕጣ ነበር እንጂ በሐኪም ምርጫ አልነበረም። በስድስት ወር ውስጥ ከ55ቱ 4፣ ከ52ቱ ደግሞ 14 ሞቱ። መድኃኒቱ መሥራቱ ያለ ክርክር ታወቀ። ይሁን እንጂ ጥናቱ በዚያ አላበቃም። የበሽታው ጀርም ብቻውን የተሰጠውን መድኃኒት እንደሚላመድና በሽተኛው እንደገና እንደሚወድቅ ስለተደረሰበት፣ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ መስጠት ግድ ሆነ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ በርካታ መድኃኒቶችን በአንድነት ለወራት እንዲወስድ የሚታዘዘው ከዚህ ተከታታይ ፈተና በተገኘ ትምህርት ነው።

«ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ አክታ ይመርመር» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገርም ከዚሁ የተቀዳ ነው። ጤና መኮንኑ መጽሐፉን ገልጦ ያነበበው እርሱን ነው። ከዚያች አንዲት መሥመር ጀርባ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ስቃይና ሞት አለ።

የእህል በረንዳ ሳል

እዚህ ላይ በተለይ የእህል ሠራተኛውን የሚመለከት ነጥብ አለ። ጆንያ የሚሸከመው፣ እህል የሚያበጥሩትና የሚለቅሙት ሴቶች፣ ወፍጮ ቤት የሚውለው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ብናኝ ይተነፍሳሉ። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ ለእህል አበጣሪዎችና ሰፋሪዎች አንድ ምዕራፍ ሰጥቶ ከብናኙ የሚመጣውን ሳልና የትንፋሽ ማጠር ገልጿል። ይህም ማለት የእህል ሠራተኛ «ሳሌ ከብናኙ ነው» ሲል ባዶ ግምት አይደለም፤ ከራሱ ኑሮ የተገኘ እውነት አለበት።

ነገር ግን ቅራኔው ያለው እዚሁ ላይ ነው። የብናኝ ሳልና የሳንባ ነቀርሳ ሳል ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሠራተኛው ነቀርሳ ይዞት ሳለ «ብናኝ ነው» ብሎ ከተቀመጠ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩ ጓደኞቹ፣ ሚስቱና ልጆቹ በሽታውን ይጋሩታል። ብናኙ አስም አስይዞት ሳለ «ነቀርሳ ነው» ብሎ ከፈራ ደግሞ በሽታውን ደብቆ ይኖራል፤ ሊያቃልልለት የሚችለውን የሚተነፈስ መድኃኒትም አያገኝም። በዓይን ብቻ የሚለያቸው ሊቅ የለም። የሚለያቸው ምርመራው ነው። ከማዶ የተገዛው እንክብል ለሁለቱም መድኃኒት አይሆንም፤ ይልቁንም ሌሎች ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። ይህ ሞት በመጀመሪያ የሚያንኳኳው ውድ መድኃኒት ለመግዛት አቅም የሌለውን ድኻ ቤት ነው።

መመሪያው የማን ነው?

አንዳንድ ወገኖች «መመሪያ ከውጭ ተጽፎ የመጣ ወረቀት ነው፤ የእኛን አገር በሽታ አያውቀውም» ሲሉ ይደመጣሉ። ይህ አነጋገር ከፊል እውነት ያዘለ በመሆኑ በጥሞና ሊመረመር ይገባል።

በመጀመሪያ ለሕፃናት የሚያገለግለውን ሰንጠረዥ እንውሰድ። ሳል የያዘው ሕፃን ሲመጣ ባለሙያው ሰዓት ይዞ የሕፃኑን አተነፋፈስ ለአንድ ደቂቃ ይቆጥራል። ዕድሜው ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከሆነ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ያስጠረጥራል። ሮዝ ቀለም ያለው ክፍል «ቶሎ ወደ ሆስፒታል ይላክ»፣ ቢጫው «እዚሁ መድኃኒት ይሰጠው»፣ አረንጓዴው «ቤት ውስጥ ክብካቤ ይበቃዋል» ይላል። ይህ ቆጠራ የተጀመረው በሀብታም ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኤክስሬይ መሣሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት በፓፑዋ ኒው ጊኒ በተደረገ ጥናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መላውን የሕፃናት ሕመም አጣምሮ የያዘውን መመሪያ ሲያዘጋጁም በተግባር ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ጎንደር ነበር፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1994 ነው። ይህች ከተማ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ጤና መኮንኖችን ስታሠለጥን የኖረች የሕዝብ ጤና ትምህርት መዲና ናት። ስለዚህ ዛሬ በብዙ አገሮች ሕፃናት የሚታከሙበት ሰንጠረዥ የኢትዮጵያ ሕፃናትና የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች አሻራ አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌ ሠርቶ አደሩን ይበልጥ የሚነካ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ካላዛር በተባለው በሽታ ይጠቃሉ። በተለይ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሠራተኛ ካላዛር ከያዘው የቀድሞው ሕክምና ብዙ አያድነውም ነበር። በጎንደርና በአብደራፊ በተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናት፣ አምቢሶም የተባለው መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ በተራዘመው ሕክምና መጨረሻ ከ100 ሕሙማን 55 ያህሉን ሲያድን፣ ሚልቴፎሲን ከተባለው ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ 88 ያህሉን አድኗል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው አዲስ መመሪያ በዚህና በሕንድ አገር በተገኘው ውጤት ላይ የቆመ ነው። የሰሊጥ አጫጁ ሠራተኛ ለዓለም ሕክምና ማስረጃ ሰጥቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ለጤና ጣቢያዎች የተዘጋጀው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ የሕክምና መመሪያ መነሻው በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው መመሪያ ነው። በእኛ ባለሙያዎች ተመርምሮ ለእኛ በሽታዎች፣ ለእኛ መድኃኒቶችና ለእኛ የጤና ተቋማት እንዲስማማ ተደርጎ ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ሥራ ላይ ውሏል። ሕመምተኛው «ያስለኛል፣ ራሴን ያመኛል» ብሎ ከሚናገረው ምልክት ተነሥቶ ባለሙያውን ደረጃ በደረጃ ወደ ውሳኔ ይመራዋል።

ከፊል እውነቱን ግን መካድ አይገባም። ከውጭ የመጣ ሁሉ ሳይፈተን መወሰድ የለበትም። በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ በጽኑ የታመሙ ሕፃናት ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ለዚህ ታላቅ ትምህርት ነው። በበለጸጉት አገሮች ደንብ መሠረት በደም ሥር በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው ሕፃናት መካከል በሁለት ቀን ውስጥ ከ100 አሥር ተኩል ያህሉ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው መካከል የሞቱት ከ100 ሰባት ያህሉ ነበሩ። ትክክል ነው ተብሎ የታመነው ደንብ በአፍሪካ ሕፃናት ላይ ጉዳት አድርሷል። እንዲሁም በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁሮች ላይ እጥረቱን ሳያሳይ የማለፉ ዕድል በነጮች ላይ ካለው ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አሳይቷል። ኮምፒዩተርም ቢሆን የሚፈርደው በተመገበው መረጃ ነው። እኛን የማያውቅ መሣሪያ እኛን በትክክል ሊመዝን አይችልም።

ታዲያ ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ መመሪያን መጣል ነውን? አይደለም። ሚዛን ተዛብቶ ቢገኝ ይስተካከላል እንጂ ወደ ዓይን ግምት አይመለሱም። የአፍሪካ ሕፃናትን ጉዳት ያጋለጠው የአንድ ሐኪም ግምት ሳይሆን ራሱ የማስረጃው መንገድ ነው።

ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

በባለሙያው በኩል የሚሰማው አንደኛው ቅሬታ «እያንዳንዱ ሕመምተኛ ይለያያል፤ መመሪያ አስተሳሰብን ያስራል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሕመምተኛ ሁሉ አንድ አይደለም። መመሪያም ባለሙያው ከእርሱ ፈቀቅ እንዲል አይከለክለውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈቀቅ ያልህበትን ምክንያት ጻፍ፣ ለባልደረባህም አስረዳ። ምክንያቱን መናገር የማይችል «ነፃነት» ግን ሂስን ከመሸሽ የተለየ አይደለም።

ሁለተኛው አመለካከት «መመሪያ የድኻ ሕክምና ነው፤ ሀብታም የሚታከመው በታላላቅ ሊቃውንት ነው» የሚል ነው። ይህን የሚያፈርሰው የኤክላምፕሲያ ታሪክ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶችን እያንዘፈዘፈ የሚገድለውን ይህን በሽታ ለማከም በየአገሩ ያሉ ሊቃውንት ለብዙ ዓሥርት ዓመታት አንዱ ዲያዜፓም፣ ሌላው ፌኒቶይን፣ ሦስተኛው ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጡ ነበር። ሁሉም በልምዱ ይምል ነበር። ከ1,600 በላይ እናቶች የተሳተፉበትና አፍሪካውያን አገሮች ጭምር የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲታተም ክርክሩ ተዘጋ። በጣም ርካሽ የሆነው ማግኒዚየም ሰልፌት መልሶ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ከዲያዜፓም ይልቅ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ከዚያ በፊት በበለጸጉት አገሮች ታላላቅ ሆስፒታሎች እንኳ ደካማው መድኃኒት ይሰጥ ነበር። ሊቅነት ያለ ማስረጃ እናትን አያድንም።

ወረቀት ብቻውን አያክምም

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ለሕዝቡ ብቻ የተነገረ ወቀሳ ተደርጎ እንዳይወሰድ። መመሪያ ታትሞ በመሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈ፣ አተነፋፈስ የሚቆጠርበት ሰዓት ከሌለ፣ አክታ የሚመረምር ላቦራቶሪ ከተዘጋ፣ የታዘዘው መድኃኒት ከጎደለ፣ የጤና መኮንኑ ወረፋ መጽሐፍ ለመግለጥ ጊዜ ካልሰጠው፣ ታብሌቱ መብራት በጠፋ ቁጥር ከጠፋ፣ መመሪያው የቢሮክራሲ ጌጥ ይሆናል። ጥፋቱ ያን ጊዜ የሕመምተኛው አይደለም፤ ሥራውን በተግባር ሳይሆን በሪፖርት የሚለካ ኃላፊ ነው። መመሪያ በየጊዜው ካልታደሰም ይሞታል። ኢትዮጵያ ለወባ ከክሎሮኪን ወደ ፋንሲዳር እ.ኤ.አ. በ1998፣ ከዚያም ወደ ኮአርቴም በ2004 የተሸጋገረችው ጥገኛው መድኃኒቱን መላመዱ በምርመራ ስለተረጋገጠ ነው። አሮጌውን ሙጥኝ ብላ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሕዝብ ባለቀ ነበር።

ባለሙያውም የበኩሉ ግለ ሂስ አለበት። ያ ጤና መኮንን መጽሐፉን ሲገልጥ «ወንድሜ፣ ይህን የማየው አንተን በግምት ላለማከም ነው፤ ሁለት ወር የቆየ ሳል አክታው ሳይታይ መድኃኒት አይሰጠውም» ብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳው ኖሮ ሰውየው ዕቃውን ወንበር ላይ ትቶ ባልሄደ ነበር። ሕዝቡን ሳያስረዱ ለሕዝብ መሥራት ግማሽ ሥራ ነው።

ምን መደረግ አለበት?

የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት በዚህ ጉዳይ ተመልካች ሊሆኑ አይገባቸውም። በጤና መድኅን የሚያዋጣ ቤተሰብ ላዋጣው ገንዘብ በተፈተነ መንገድ የመታከም መብት አለው። ስለዚህ በማኅበር ስብሰባ ላይ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ተጋብዞ ሰንጠረዡን ለሕዝቡ ያሳይ፤ እናቶችም የልጆቻቸውን ትንፋሽ መቁጠርን ይማሩ። ማኅበሩ ጤና ጣቢያውን ሲጎበኝ ግድግዳው መቀባቱን ሳይሆን መመሪያው በምርመራ ጠረጴዛው ላይ መኖሩን፣ ላቦራቶሪው መሥራቱን፣ መድኃኒቱ መገኘቱን ይጠይቅ።

እያንዳንዱ ሠራተኛም ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሦስት ጥያቄዎችን ያንሣ፤ ሕመሜ ምን እንደሆነ በምን ታወቀ? ይህ መድኃኒት ለምን ተመረጠልኝ? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ? እነዚህ ጥያቄዎች ባለሙያውን መዳፈር አይደሉም፤ በገበያ ላይ ሚዛኑን አዙረህ አሳየኝ እንደማለት ናቸው። ሐቀኛ ነጋዴ ሚዛኑን ለማሳየት አያፍርም፤ ሐቀኛ ሐኪምም መጽሐፉን ለመግለጥ አያፍርም።

ያ ጫኝና አውራጅ ዛሬም ጆንያ ይሸከም ይሆናል፤ ሳሉም አልለቀቀው ይሆናል። ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ወይም በአንድ ጭነት የሚሠራ ጓደኛው «ሁለት ሳምንት አልፏል፤ ና አብረን እንሂድ» ብሎ እጁን ይያዘው። ሕይወቱ ከጆንያ እህል ያነሰ ዋጋ የላትምና እርስዋም በሚዛን ትታይ!